ፈርሜ ብወስደው ይሻላል ወይስ ይታሰር?

*ከአዲስ አበባ የደረሰን ደብዳቤ*

«ሰላም ለእናንተ ይሁን። የእህቴን ልጅ ነው የማሳድገው። እናቱ ቤሩት ከሄደች ቆየች። ልጁ 14 ዓመቱ ነው፤ ሰባተኛ ክፍል ነው፣ የሚማረው በጠዋት ፈረቃ ነው። ባለፈው ወር ከሁለት የሰፈር ልጆች ጋር ሆኖ ታክሲ ሰልፍ ላይ ከቆመች ሴት ስልክ ነጠቁ። የነጠቃት ትልቁ ነው፣ 19 ዓመቱ ነው ይባላል። የእኛው ስልኩን ተቀብሎ ሲሮጥ ተያዘ። ጣቢያ አድሮ በማግስቱ ፍርድ ቤት ቀረበ። በቀጠሮው ቀን አቀርበዋለሁ ብዬ ፈርሜ ወሰድኩት። አሁን ቀጠሮው ደርሷል።

ወንድሜ ‹ተይው ይታሰርና ይማር፣ አንቺን ምን አገባሽ› ይለኛል። ጎረቤቶቼ ‹ልደታ ማረሚያ ይገባል፣ እዚያ የገባ ልጅ ብሶበት ነው የሚወጣው› ይላሉ። አንዱ ደግሞ በክትትል ወደ ቤቱ የሚመለስበት ሕግ አለ አለኝ። ዳኛው ምን አይቶ ነው ይህን የሚወስነው? ፈርሜለት ደግሞ ቢሰርቅስ እኔን ያስሩኛል? ለሆቴል እንጀራ እየጋገርኩ ነው የምኖረው፣ ከጠዋት እስከ ማታ ቤት አልውልም። እናቱ እስካሁን አልሰማችም። ምን ላድርግ?»

*መልስ*

እህቴ፣ ያ ሰው የነገረሽ እውነት ነው። በክትትል ሥር ሆኖ ከቤተሰቡ ጋር እየኖረ የሚታረምበት መንገድ በሕጋችን አለ። ያንቺ ልጅ ደግሞ ይህ ዕድል ከሚመለከታቸው ልጆች አንዱ ነው። ዕድሉን የሚያገኘው ግን ዳኛው ስላዘነለት ብቻ አይደለም። ችሎቱ ከምንም በላይ የሚፈልገው ልጁን የሚይዝ ሰው ነው፤ ማን እንደሚይዘውና እንዴት እንደሚይዘው። ስለዚህ አብዛኛው ምክሬ ስለ ልጁ ሳይሆን ስላንቺ ነው።

መጀመሪያ ስለ ዕድሜው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ልጆችን በዕድሜ ይለያያል። ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ያለው ወጣት ጥፋተኛ ይባላል፤ እንደ አዋቂ አይቀጣም፤ ለዚህ ዕድሜ ተብለው የተቀመጡ የጥንቃቄና የማረሚያ እርምጃዎች ናቸው የሚወሰኑበት። ከ15 በላይ ሆኖ 18 ያልሞላው ደግሞ በመደበኛው ሕግ ይጠየቃል። እሱንም ቢሆን ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ሊያቀልለት ወይም በእርምጃዎቹ ሊያልፈው ይችላል። የሚቆጠረው ድርጊቱ በተፈጸመበት ቀን የነበረው ዕድሜ ነው።

እንግዲህ 14 መሆኑ ትልቅ ነገር ነው፤ ግን በወረቀት መታየት አለበት። ቁመቱ የዘለገ ልጅ ጣቢያ ሲገባ «18» ተብሎ መመዝገቡ ያጋጥማል፤ ልጁ ራሱም ደንግጦ የተጠየቀውን ሁሉ «አዎ» ይላል። የልደት ምስክር ወረቀት ካለው ይዘሽ ሂጂ። ከሌለው የክርስትና ካርዱን፣ የክትባት ካርዱን፣ ትምህርት ቤት ሲመዘገብ የተሞላውን ቅጽ ፈልጊ። በኢትዮጵያ ይሁን በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፈ መሆኑን ተመልከቺ፤ ይህች ልዩነት 14ን ወደ 15 ያሻገረችበት ጊዜ አለ። ዕድሜው ካከራከረ ፍርድ ቤቱ ለሐኪም ምርመራ ሊልከው ይችላል። ምርመራው ግን ግምት ነው፣ ወረቀት ይሻላል። አንድ ነገር አደራ፦ ዕድሜውን ቀንሰሽ አትናገሪ። እውነተኛው ዕድሜ በራሱ ይጠቅመዋል፤ ውሸት ከተገኘብሽ ደግሞ ከዚያ በኋላ የምትናገሪው ሁሉ ክብደት ያጣል።

ጣቢያ ያደረባት ሌሊት ከአዋቂ ታሳሪዎች ጋር ነበር? ደብዳቤሽ ይህን አልነገረኝም። ከሆነ ልክ አልነበረም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ልጆች ከአዋቂ እስረኞች ተለይተው እንዲያዙ ያዛል፤ የወንጀል ሕጉም ይህንኑ ይላል። በችሎቱ ቀን ይህን ለዳኛው መናገር መብትሽ ነው። ሲነገር ደግሞ ለሚቀጥለው ልጅ ይጠቅማል።

በማግስቱ ፈርመሽ መውሰድሽ ምሕረት መስሎሽ ይሆናል። አይደለም፤ ሥርዓቱ ራሱ እንዲህ ነው የሚለው። ለዘመናት ስንሠራበት የኖርነው የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ልጅ ሲያዝ ወዲያው ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። ጉዳዩ በዕለቱ ማለቅ ካልቻለ ለወላጅ፣ ለሞግዚት ወይም ለዘመድ፣ እነዚህ ከጠፉ ለታመነ ሰው እንዲሰጥ ይላል። ያ የታመነ ሰው አንቺ ሆነሻል። በቀጠሮው ቀን በሰዓቱ ይዘሽው መገኘትሽ ደግሞ ዳኛው ስላንቺ የሚያየው የመጀመሪያው ማስረጃ ነው። ረፍዶብኛል የምትይበት ቀን አይደለም፤ ለሆቴሉ ቀድመሽ ንገሪያቸው።

ችሎቱ በቴሌቪዥን እንደምታዪው ዓይነት አይደለም። የልጆች ጉዳይ የሚታየው በዝግ ነው። ምስክሮች፣ ባለሙያዎች፣ ወላጅ ወይም አሳዳጊ እና የልጆች ደኅንነት ተቋም ተወካዮች ካልሆኑ ሌላ ሰው አይገባም። ሕጉ ነገሩ ልጁን በማያስጨንቅ፣ ወግ ባልበዛበት መንገድ እንዲካሄድ ይፈልጋል። ለሕፃናት ተስማሚ ተብለው በተደራጁ ችሎቶች ዳኛው ከፍ ብሎ ሳይቀመጥ በጠረጴዛ ዙሪያ ነው የሚያነጋግረው፤ የልጁን ኑሮና ቤተሰብ የሚያጠና ባለሙያ፣ ሶሻል ወርከር የሚባለውም አብሮ አለ። ልጁ ባይሰማው የሚሻል ነገር ሲነሳ ለጊዜው ውጣ ሊባል ይችላል። እንዲህ ሲሆን አትደንግጪ። አንዳንዴ ስለ እናቱ ወይም ስለ ቤታችሁ ችግር ሊጠይቁሽ ፈልገው ነው።

ዳኛው የሚመልሰው ጥያቄ ሁለት ነው፤ ሁለቱን አታደባልቂ። መጀመሪያ፣ ልጁ የተባለውን አድርጓል ወይ? ቀጥሎ፣ አድርጎ ከሆነ ምን ዓይነት እርምጃ ያርመዋል? ብዙ ቤተሰብ ሁለተኛውን እያሰበ የመጀመሪያውን ይዘላል። «እመንና ይቅርታ ጠይቅ፣ ይለቁሃል» ብለው ልጁን ያላደረገውን ሁሉ የሚያሳምኑ አሉ። ያንቺ ልጅ ስልኩን ተቀብሎ ሮጧል፤ ነጥቋል ግን አልተባለም። የማይናገር ከሆነም ዝም የማለት መብት አለው። ከተናገረ የሠራውን፣ የሠራውን ያህል ብቻ ይናገር። የሚያምነው ነገር ቃል በቃል ይጻፋልና ተጨማሪ ነገር አትጨምሩበት። ቤት ውስጥ ተቀምጣችሁ እንባና ንግግር አታስጠኑት። በየቀኑ ልጆችን የሚሰማ ዳኛ የተጠና ይቅርታ ወዲያው ይለየዋል።

ጠበቃን በተመለከተ፣ ልጁን ወክሎ የሚቆም ወላጅ ወይም አሳዳጊ ከሌለ፣ ወይም ክሱ ከአሥር ዓመት በላይ ጽኑ እስራት የሚያስከትል ከሆነ ፍርድ ቤቱ ጠበቃ ይመድባል። አንቺ ስላለሽ ያለ ጠበቃ ሊቀጥል ይችላል ማለት ነው። ቢሆንም የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤትን ጠይቂ፤ የሕግ ትምህርት የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎችም ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ማዕከላት አሏቸው። ከቀጠሮው በፊት ለአንድ ሰዓት የሚያማክርሽ ሰው ማግኘት ብቻ ብዙ ነገር ያቀልልሻል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ፤ ምን አይቶ ነው የሚወስነው? ሕጉ ዳኛውን እንዲሁ በስሜትህ ወስን አይለውም። ከመወሰኑ በፊት ስለ ልጁ ጠባይ፣ ትምህርት፣ አኗኗርና ሁኔታ መረጃ እንዲሰበስብ ሥልጣን ይሰጠዋል። ወላጆችን፣ ትምህርት ቤቱን፣ አሳዳጊዎችን መስማት ይችላል። የሐኪም ወይም የማኅበራዊ ጥናት ሪፖርት ሊያስቀርብ ይችላል። ከዚያ የልጁን ዕድሜ፣ ጠባዩን፣ የአእምሮና የሥነ ምግባር ዕድገቱን ይመዝናል። የሚመርጠው እርምጃ ምን ያህል እንደሚያስተምረው ጭምር መመዘን አለበት። በዚህ ዕድሜ ሕጉ የሚጠይቀው «ስንት ዓመት ይገባዋል?» ብሎ ሳይሆን «የቱ ያስተካክለዋል?» ብሎ ነው።

በእጁ ያሉት እርምጃዎች ደረጃ አላቸው። ገስጾ መመለስ አለ፤ ልጁ የሚገባው ከሆነና ተግሣጹ ይሠራል ተብሎ ከታመነ። ጥፋቱ ቀላል ሲሆን በትርፍ ሰዓቱና በዕረፍት ቀን ቤት ወይም ትምህርት ቤት ውሎ ለዕድሜው የሚመጥን ሥራ እንዲሠራ ማዘዝ አለ። ሕመም ወይም ሱስ ያለበት ለሕክምና ይላካል። ማስቲሽ ወይም ቤንዚን መሳብ ጀምሮ ከሆነ ይህን አትደብቂ፤ የሚፈልገው ሕክምና ስለሆነ። ከነዚህ በላይ አንቺን የሚመለከተው በክትትል ሥር የሚሰጥ ትምህርትና እንክብካቤ አለ። ወደ ማረሚያ ተቋም መላክ ደግሞ የልጁ ጠባይ፣ የቀድሞ ታሪኩና የጥፋቱ ከባድነት ተመዝኖ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ፣ በትልቅ ልጅ የተመራ፣ ትምህርቱን ያላቋረጠ የ14 ዓመት ልጅ ላይ ዳኛ ወደዚህ የሚዘለው ሌላ በር ዝግ ሆኖ ሲያገኘው ነው።

እዚህ ላይ ልቤ የሚያዝንበትን ነገር ልናገር። ሕጉ በክትትል የሚለቀቀውን ልጅ የሚቆጣጠር ድርጅት ይኖራል ብሎ ያስባል። በሌላ አገር የአመክሮ መኮንን የሚባል የመንግሥት ሠራተኛ አለ፤ ልጁን ቤቱ ሄዶ ያየዋል፣ ትምህርት ቤቱን ይጠይቃል፣ ለዳኛው ይጽፋል። እኛ ዘንድ ይህን ሥራ በየሰፈሩ የሚሠራ በቂ ሰው የለም። አንዳንድ ፖሊስ ጣቢያዎች የሕፃናት ጥበቃ ክፍል አላቸው፤ በጎ አድራጎት ድርጅቶችም ይረዳሉ። ሸክሙ ግን በአብዛኛው አክስት፣ አያት፣ ታላቅ እህት ላይ ነው የሚወድቀው። ዳኛውም ይህን ያውቃል። ስለዚህ ፊቱ የቆመችውን ሴት አይቶ «ይህች ትችላለች?» ብሎ ነው ልቡን የሚወስነው። ጥሩ ልጆች የሚይዛቸው ሰው በደንብ ሳይናገር ቀርቶ ማረሚያ ሲገቡ ማየት ያማል።

ስለዚህ አንቺ ስትጠየቂ ምን ትያለሽ? «እመክረዋለሁ፣ እቆጣጠረዋለሁ» ሁሉም የሚለው ነው፤ ከንፈር ላይ ያልቃል። ዳኛው የሚፈልገው ከሰኞ እስከ እሑድ ልጁ የት እንደሚውል ነው። ካንቺ ደብዳቤ ውስጥ እኔን ያስደነገጠኝ ስልኩ ሳይሆን ፈረቃው ነው። ጠዋት ይማራል፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ይወጣል፣ አንቺ የምትመጪው ማታ ነው። ያ ሁሉ ከሰዓት የማን ነው? የ19 ዓመቱ ልጅ ያገኘው በዚህ ሰዓት ነው። ከየትም አላመጣውም፣ ሥራ ፈቶ ቆሞ ነው ያገኘው።

ይህን ክፍተት ከችሎቱ በፊት ዝጊው። ትምህርት ቤቱ ሄደሽ የከሰዓት ፈረቃ ይቻል እንደሆነ፣ ካልሆነም ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ መቆየት ይችል እንደሆነ ጠይቂ። ርዕሰ መምህሩ ወይም የክፍል ኃላፊው ስለ ልጁ አጭር ደብዳቤ ቢጽፍልሽ ወርቅ ነው፤ ስንት ቀን እንደቀረ፣ ውጤቱ እንዴት እንደሆነ፣ ጠባዩ ምን እንደሚመስል። መጥፎም ካለ ይጻፍ። ሁሉ ነገር ጥሩ ነው የሚል ወረቀት ማንም አያምነውም። ወንድምሽ ሱቅ ወይም የእንጨት ሥራ ቤት ካለው ከሰዓት እዚያ ቁጭ ብሎ ያጥና፣ ጠዋት እስክትሄጂ አብሮሽ ይሁን፣ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ የሚያስተምረው ሰው ይኑር። ሥራ ግን አታስቀጥሪው፤ የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዲቀጠር አይፈቅድም። ዳኛው ራሱ የሙያ ሥልጠና ሊያዝ ይችላል፤ እሱ ሌላ ነገር ነው።

ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ ጻፊው። እጅ ጽሑፍ ይበቃል። «ጠዋት ትምህርት ቤት፣ ከ7 ሰዓት እስከ 12 አጎቱ ዘንድ፣ 12 ሰዓት እኔ ቤት እገባለሁ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ አይወጣም፣ ከእነ እገሌ ጋር አይገናኝም» ብለሽ። የምትሰጪው ስም ሁሉ ሰውየው ያወቀውና የተስማማበት ይሁን። አጎቱ ራሱ ችሎት መጥቶ «አዎ፣ ከሰዓት እኔ ጋር ነው» ቢል ከአሥር ምስክር ይበልጣል። ወንድምሽ «አንቺን ምን አገባሽ» ከሚልሽ ይህን ያድርግ፤ ከወንድ አጎት የሚመጣ እገዛ ልጁም የሚፈልገው ነው።

ሶሻል ወርከር ቤታችሁ ሊመጣ ይችላል። ቤትሽ ጠባብ ነው ብለሽ አትፈሪ፤ ድህነት በሕጉ ጥፋት አይደለም። የሚያየው ልጁ የት እንደሚተኛ፣ ደብተሩ የት እንዳለ፣ ማታ ማን እንደሚጠብቀው፣ በቤቱ ውስጥ ዱላ ይኖር እንደሆነ ነው። ጎረቤትም ይጠይቃል። ስለዚህ «እኔ ቀኑን ሙሉ አለሁ» ብለሽ አትዋሺ፤ «ከጠዋት 12 እስከ ማታ 12 ሥራ ላይ ነኝ፣ በዚያ ሰዓት ይህ ነው ያለው» በይ። የምትሠሪ ሴት መሆንሽ አያሳፍርም፤ ዕቅድ አለመኖሩ ነው የሚያሳስበው።

ዱላውን ካነሳሁ ይህን ልጨምር። ልጁን ገርፈሽው ወይም ወንድምሽ ገርፎት ከሆነ አሁኑኑ ይቁም። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ለልጆች ግርፋት ነበረው፤ የ1996ቱ ሕግ ያንን አውጥቶ ጥሎታል። በየትኛው ቤት ገመድና ቀበቶ ልጅን እንዳረመ እኔ አላየሁም፤ ከቤት እንዳራቀው ግን አይቻለሁ። ከቤት የራቀ ልጅ ደግሞ የት እንደሚያድር ታውቂዋለሽ።

ወንድምሽ «ይታሰርና ይማር» ያለው ከክፋት እንዳልሆነ ይገባኛል። ተሸማቅቋል፣ ተናዷል። ይሁን እንጂ እስር ቤት ለ14 ዓመት ልጅ የሚያስተምረው ትምህርት ምን እንደሆነ ያስብበት። ልደታ ያለው ተቋም ለልጆች የተለየ መሆኑ እውነት ነው፤ እዚያም ልጆችን ከልባቸው የሚረዱ ሠራተኞች አሉ። ቢሆንም ከትምህርት ቤቱ፣ ከቤቱ፣ ከእናቱ ስልክ ተነጥሎ፣ ከእሱ የባሱ ልጆች መሃል መዋል ለዚህ ልጅ አይበጀውም። ማረሚያ ተቋም የሚያስፈልገው ልጅ አለ፤ ደብዳቤሽ ላይ የማየው ልጅ እሱ አይደለም።

አንድ ነገር በጣም እለምንሻለሁ። በችሎት መካከል ተናደሽ ወይም አልቅሰሽ «አቅቶኛል፣ ውሰዱልኝ» እንዳትዪ። ድካም ነው የሚያናግረው፣ አውቃለሁ። ብዙ አሳዳጊ ልጁን ለማስፈራራት ብሎ ይለዋል። ዳኛው ግን ቃሉን እንደ ቃል ነው የሚሰማው፤ የሚይዘው የለም ብሎ ሌላ ቦታ ይፈልግለታል። በእውነት የማትችዪ ከሆነ ደግሞ ያንንም በቀጥታ ተናገሪ፤ ሌላ ዘመድ ወይም የልጆች እንክብካቤ ድርጅት እንዲፈለግለት። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው።

ስልኳ ስለተወሰደባት ሴትዮ ማንም አልነገረኝም፤ ደብዳቤሽም ሁለት መስመር ብቻ ነው የሰጣት። ስልኩ ተመልሶላታል? ተሰብሯል? ሰልፍ ላይ ቆማ እጇ ላይ የነበረውን ስትነጠቅ ደንግጣለች። ሽማግሌ ይዘሽ፣ ፖሊሱ አውቆት፣ በሰላም ሂጂና ይቅርታ ጠይቂያት። ልጁም አብሮ ይሂድ፤ ራሱ ይናገር። የጎደለባትን ለመተካት ከአቅምሽ የሚሆነውን ተነጋገሪ፤ የከፈልሽውን በወረቀት አስፈርሚ። ይህ ጉዳዩን በራሱ ይዘጋዋል ብለሽ ግን አትጠብቂ። ክሱን የሚመራው መንግሥት ነው። ሴትዮዋንም «ቃልሽን ለውጪ» ብለሽ አትጫኛት፤ እሱ ሌላ ወንጀል ነው። ልጁ ግን በዓይኗ ሲያያት የሚገባው ነገር አለ፤ ዳኛውም መሄዳችሁን ሲሰማ ዋጋ ይሰጠዋል።

ወደ ፊርማው እንምጣ፤ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳሽ እሱ ነው። በክትትል ሲሰጥሽ ልጁን በኃላፊነትሽ በመልካም ጠባይ እንደምታሳድጊው በጽሑፍ ትገቢያለሽ። ዳኛው ግዴታ ሊጨምርበት ይችላል፤ ትምህርት ሳይቀር እንዲከታተል፣ ከእነዚያ ልጆች እንዲርቅ፣ በየጊዜው ሪፖርት እንድታቀርቢ። እሱ ነገ ቢሰርቅ ለእሱ ስርቆት አንቺ አትታሰሪም። የወንጀል ኃላፊነት የሠራው ሰው ነው። አንቺን የሚያስጠይቅሽ ከእሱ ጋር ተባብረሽ ወይም ግዴታሽን ሆን ብለሽ ጥለሽ ከሆነ ነው። ገንዘቡ ግን ሌላ መንገድ አለው፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ላደረሰው ጉዳት ወላጁን፣ እንደ ሁኔታውም በእጁ ያለውን አሳዳጊ ካሳ ሊያስከፍል ይችላል። ይህን አውቀሽ ፈርሚ። ከመፈረምሽ በፊት ደግሞ ወረቀቱ እንዲነበብልሽ ጠይቂ፤ ያልገባሽን ነገር «ምን ማለት ነው?» በይ። ማንም አይቆጣሽም።

ቢሳሳትስ? ይሳሳታል ብለሽ ጠብቂ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ይቀራል፣ አንድ ማታ ያመሻል። ሕጉ ፍርድ ቤቱ እርምጃውን በማንኛውም ጊዜ ሊለውጥ እንደሚችል ይላል፤ በራሱ ተነሳስቶ፣ ወይም በልጁ፣ በተወካዩ፣ በያዘው ሰው ጥያቄ። ይህ ወደ ሁለት አቅጣጫ ነው የሚሠራው። ከባሰበት ጠንከር ያለ ነገር ይመጣል። ከተሻሻለ ወይም ያንቺ ሁኔታ ከተለወጠ ደግሞ እንዲቀልልሽ መጠየቅ ትችያለሽ። ስለዚህ ችግር ሲጀምር ለሶሻል ወርከሩ ቀድመሽ ንገሪው፤ ፖሊስ ከሚነግረው በፊት። ደብቀሽ ከተገኘብሽ ልጁን ብቻ ሳይሆን አንቺንም አያምኑሽም።

ስለ ወደፊቱም አትስጊ፤ እርምጃ የተወሰደበት ልጅ በወንጀል እንደተቀጣ ሰው አይቆጠርም። ሕጉ ይህን በግልጽ ይላል። ስለዚህ ማንም «ወንጀለኛ» ብሎ ስም እንዳይለጥፍበት አንቺም በቤት ውስጥ ይህን ቃል አትጠቀሚ። «ሌባ» ተብሎ ያደገ ልጅ ስሙን ይኖረዋል።

ይህን የሚያነብ ሌላ ወላጅ ልጁ 16 ወይም 17 ከሆነ ነገሩ ይጠብቃል። ዳኛው በመደበኛው ሕግ ወስኖ ቅጣቱን ሊያቀል ወይም ሊገድበው፣ ማለትም ለተወሰነ ጊዜ ሳይፈጸም ሊያቆየው ይችላል፤ የገደቡ ጊዜ ደግሞ ከ2 እስከ 5 ዓመት ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሌላ ጥፋት ከሠራ የታገደው ቅጣት ሊመጣበት ይችላል። ቢሆንም የሞት ፍርድ 18 ዓመት ባልሞላው ላይ አይወሰንም። ያንቺን ጉዳይ ከ19 ዓመቱ ልጅ ጉዳይ ጋር አታወዳድሪው፤ እሱ አዋቂ ነው፣ መንገዱ ሌላ ነው።

የቀረን እናቱ ናት። አልነገርናትም ብለሽ የጻፍሽው ስለምታስቢላት ነው፤ ቤሩት ውስጥ ሆና ምን ታደርጋለች ብለሽ ነው። ግን ከቀጠሮው በፊት ንገሪያት። እናቱ ናት፤ ዳኛው «ወላጁ የት ናት?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። «አታውቅም» ከምትይ «አውቃለች፣ እኔ እንዳሳድገው ፈቅዳለች» ብትይ ይሻላል። ከተቻላት በቤሩት ባለው የኢትዮጵያ ቆንስላ በኩል ውክልና ትላክልሽ። ያ ካልደረሰ ለቀጠሮው ቀን የምትናገረውን በድምፅ ልካ ቢያንስ ስልክሽ ላይ ይኑር፤ ዳኛው ከፈለገ ይሰማል። ልጁም ከእሷ ይስማ። አንቺ ስትነግሪያት አብሮሽ ይሁን፣ ስልኩን ስጪው፣ ራሱ ይንገራት። ታለቅሳለች፣ ትቆጣለች፣ ከዚያ «ምን ላድርግ?» ትላለች። በዚያን ጊዜ ውክልናውን ንገሪያት፤ ሳምንት ሁለት ሳምንት ሊፈጅ ስለሚችል ዛሬ ማታ ደውዪላት።